«ፍል ውሃ እንሂድ አሉኝ፣ ግን ራቁት ነው አሉ»

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ጃፓን ስላለ ወይም ጃፓን ሊሄድ ስለተነሳ የጎጃም ሰው ነው። በሁሉም ውስጥ አዲስ ጓደኛና የጉዞ ግብዣ አለ። እዚያ አገር ተምሬ ስለተመለስኩ ነው መሰል ወደ እኔ የምትጽፉት። ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ስማችሁን እንደጠየቃችሁኝ አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አሁን ጃፓን፣ ጉንማ በሚባለው ክፍለ ሀገር ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ላብራቶሪያችን ውስጥ ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉ። ሁለት ጃፓኖች፣ አንዲት የቬትናም ልጅና አንዲት ሂጃብ የምታደርግ የኢንዶኔዥያ ልጅ ናቸው። ቅዳሜ ኩሳትሱ ወደምትባል የተራራ ላይ ከተማ ሄደን ፍል ውሃ ገብተን ማታ እንመለስ አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ሳየው ግን ሰው ልብሱን በሙሉ አውልቆ ነው የሚገባው፣ የዋና ልብስ እንኳ አይፈቀድም። እኔ እኮ እኅቴ ፊት እንኳ ልብስ አልቀይርም! በዚያ ላይ አንገቴ ላይ አያቴ ያሰሩልኝ ማተብ አለ፣ የብር መስቀል አለው። ጸጉሬን ሹሩባ ተሠርቻለሁ። የነቢያት ጾምም ገብቷል። እምቢ እንዳልል ገና መግባባት መጀመራችን ነው፣ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ብቀርስ?

መልስ፦ እታለም፣ ሆዴን አመመኝ እንዳትይ። አንደኛ ውሸት ነው፣ ያውም በጾም። ሁለተኛ መድኃኒት ገዝተው በርሽን ያንኳኳሉ፣ ያኔ ወዴት ትገቢያለሽ? ደግሞ ይቺን ቅዳሜ ብታመልጪ በሚቀጥለው ወር ሌላ ፍል ውሃ እንሂድ ይሉሻል። የጃፓን ፍል ውሃ አያልቅም፣ ሆድሽም ሁልጊዜ አይታመምም።

መሄዱን ሂጂ። ገንዳው ውስጥ እንደማትገቢ ግን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ላይ አይደለም፣ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ደግሞ በጭራሽ።

የእኛን ሰው ይሉኝታ ታውቂዋለሽ፤ ጠግቦም ብላ ሲሉት ይበላል፣ ሳይፈልግም እሺ ይላል፣ ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይብሰለሰላል። ጃፓኖች በዚህ ነገር ከእኛ አይሻሉም። እነሱም እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፣ እንግዳቸው ሳይመቻት ቀርቶ ዝም ብላ እንደሆነ ይጠረጥራሉ፣ ግን አይጠይቁም። እንግዲህ ይሉኝታ የያዘው ጎጃሜና ይሉኝታ የያዘው ጃፓናዊ አንድ ላይ ሲጓዙ ቀኑን ሙሉ ሁሉም ፈገግ እያለ ማንም ሳይደሰት ሊመሽ ይችላል። አንዱ ቀድሞ መናገር አለበት። አንቺ ተናገሪ።

አጭር አድርጊው። «መምጣት በጣም እፈልጋለሁ፣ ሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ግን አልለመድኩም፣ እናንተ ስትገቡ እኔ እግሬን እየነከርኩ እጠብቃችኋለሁ» በያቸው። በቃ። ሰበብ አትደርድሪ። ቀድመው ካወቁ ሰዓቱን በዚያው ያስተካክሉታል፣ የሚጨንቃቸው ቦታው ከተደረሰ በኋላ ዕቅድ ሲፈርስ ነው።

ያቺን ሂጃብ የምታደርገውን ልጅ ደግሞ ልብ ብለሻታል? ምናልባት እሷም አሁን ለእናቷ ወይ ለኢማሟ እየጻፈች ይሆናል። ለብቻዋ አናግሪያት። ሁለት ስትሆኑ እግር መንከሩ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይሆናል፣ «የቀረችው ልጅ» የሚባል ነገር አይኖርም።

ኩሳትሱ ደግሞ ለእግር ነካሪ የምትመች ከተማ ናት። መሀል ከተማው ላይ ዩባታኬ የሚሉት የፍል ውሃ ሜዳ አለ። ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ በረጃጅም የእንጨት አሸንዳዎች ላይ እየፈሰሰ ይበርዳል፣ ታች ሲደርስ አረንጓዴ መስሎ እየጨሰ ይወርዳል፣ ድኙ አሸንዳው ላይ ይቀራል። ከዚያ ቦታ ብቻ በደቂቃ 4,000 ሊትር ያህል ይወጣል፤ የከተማው ምንጮች በሙሉ ሲደመሩ በደቂቃ ከ32,000 ሊትር በላይ ነው። በተፈጥሮ ፈልቆ በሚወጣ ውሃ መጠን ከጃፓን አንደኛ የሚሉት ይህንን ነው። አጠገቡ በነጻ ቁጭ ብለሽ እግርሽን የምትነክሪበት ቦታ አለ። ጫማና ካልሲ አውልቀሽ፣ ሱሪሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ፣ ጋቢሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ትቀመጫለሽ። በረዶ እየጣለ ከሆነማ አይወራ።

ዩሞሚ የሚሉትንም እንዳያመልጥሽ። ውሃው ሲፈልቅ ከ50 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እንዲሁ አይገባበትም። ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምሩበት ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሴቶቹ የሰው ቁመት በሚያህል ጣውላ እየዘፈኑ ያማስሉታል። አሁን ትርኢት ሆኗል፣ ትኬት ተቆርጦ ይታያል፣ አንዳንዴም ተመልካቹን ኑ ሞክሩ ይላሉ። ገብስ ቆልተሽ ካደግሽ ጣውላውን ለመያዝ አታንሺም።

አሁን ወደ መስቀሉ። ይህን ሳታነቢ እንዳትሄጂ። የኩሳትሱ ውሃ ድኝ አለው፣ ደግሞም ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ፒ ኤች የሚሉት ልኩ 2 ገደማ ነው። ይህ የሎሚ ጭማቂ ያህል መሆኑ ነው። ብረት ይበላል፤ ሚስማር ነክረው ቀጥኖ ሲወጣ ለጎብኚ ያሳያሉ። ብር ደግሞ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል። እንፋሎቱ ራሱ ያጠቁረዋል፣ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። የአያትሽን የብር መስቀል ለዚያን ቀን አውልቀሽ ቤት አስቀምጪው፣ ማተቡን በክሩ ብቻ እሰሪው፣ ወይም የእንጨት መስቀል አድርጊበት። በድንገት ከጠቆረም አትደንግጪ፣ ከላይ ያለው ጥቁረት ነው፣ ብር ሠሪ ያጸዳዋል። ማተብሽን አይተው ምንድን ነው ቢሉሽ ንገሪያቸው፣ በዚህ የሚከፋው ሰው አላየሁም።

ምናልባት ቦታው ደርሰሽ፣ እንፋሎቱን አይተሽ፣ ልግባ የሚል ሐሳብ ቢመጣብሽስ? ይመጣል። ስለዚህ ሥርዓቱን እወቂው። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው፣ መጋረጃውም በሩም የተለያየ ነው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልብስሽን ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ስልክ አይገባም። ትንሽ ፎጣ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ እሷ ፊት ለፊትሽን ትሸፍንልሻለች። መጀመሪያ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠሽ በሳሙና ትታጠቢያለሽ፣ በደንብ፣ አረፋ እስኪጠፋ። በነጻ የሚገባባቸው ትንንሾቹ ቤቶች ግን ዱካም ሻወርም ላይኖራቸው ይችላል፣ እዚያ ከገንዳው በባልዲ እየቀዱ ሰውነትን ማለቃለቅ ነው። ገንዳው መታጠቢያ አይደለም፣ ታጥቦ የሚገባበት ነው፣ እነሱን የሚያስቆጣቸው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ፎጣዋ ውሃው ውስጥ አትገባም፣ ጭንቅላትሽ ላይ ታደርጊያታለሽ። ጸጉርም ውሃውን አይነካም፣ ሹሩባሽን ወደ ላይ ጠቅልለሽ እሰሪው። ቅቤ ደግሞ በዚያ ሳምንት አትቀቢ! ገንዳው ላይ ቅቤ ሲንሳፈፍ ለማስረዳት የምትችይበት ቋንቋ የለም። በወር አበባሽ ላይ ከሆንሽ ቀሪ፣ እዚያም ነውር ነው። ዓይንሽን በዚያ ውሃ አትንኪ፣ ያቃጥላል። ሰውነትሽ ላይ ጭረት ካለ ያንገበግባል፣ ስለዚህ እግርሽን በዋዜማው አትላጪ። ስትወጪ ደግሞ ቆዳሽ ስስ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ተለቃለቂ።

ሰው ያየኛል ለሚለው፣ ማንም አያይሽም። አፍጥጦ ማየት ነው እዚያ ነውሩ። አንዲት አሮጊት ከየት መጣሽ ልትልሽ ትችላለች። ኢትዮጵያ ስትያቸው በዕድሜ የገፉት «አበበ!» ይላሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶን ሲያሸንፍ ያዩ ሰዎች አልረሱትም። አበበ ጎጃሜ አልነበረም፣ ግን እዚያ ገንዳ ውስጥ ማን ያጣራል።

ተራራ ነው ሲሉሽም አትፍሪ። ኩሳትሱ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደብረ ማርቆስ እኮ ከ2,400 በላይ ነው። ባሕር ዳር ራሷ ትበልጣታለች። የሚኮሩበት ፉጂ ተራራቸው 3,776 ሜትር ነው፣ የእኛ ጮቄ ከ4,000 ያልፋል። ይህን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፣ ይገረማሉ፣ ትንሽም ቅር ይላቸዋል። ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ከምድር ወገብ ስለራቁ በዚያ ከፍታ ላይ ክረምታቸው በረዶ ይጥላል፣ መንገዱ ያዳልጣል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ አድርጊ።

በስተጀርባ ያለው የሺራኔ ተራራ ሕያው እሳተ ገሞራ ነው። ውሃውን የሚያሞቀውም ያ ነው። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. በድንገት ፈንድቶ የአንድ ሰው ሕይወት አልፏል። ከተማው ውስጥ የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ነገር ግን ታጥሮ «አትለፉ» የተባለ መንገድ ካለ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ አትለፉ።

ምግቡን በተመለከተ ዕድለኛ ነሽ፣ ያለሽው ጉንማ ነው። ኮንያኩ የሚሉት ከሥር የሚሠራ እንደ ጄሊ የሚለጠጥ ነገር አለ፣ ከጃፓን ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚወጣው ከአንቺው ክፍለ ሀገር ነው። ለብቻው ጣዕም የለውም፣ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ድልህ ሲቀባ ግን ይበላል፣ የጾምም ነው። መንገድ ላይ ማንጁ የሚሉት በእንፋሎት የበሰለ ትንሽ ዳቦ ያቀምሱሻል፣ ውስጡ ቀይ ባቄላ ነው፣ ግን ጣፋጭ ነው። ባቄላ በስኳር! መጀመሪያ ይከብዳል። አብዛኛው ጾም ነው፣ አንዳንዱ እንቁላል ወይ ወተት ስላለው ጠይቂ። በፍል ውሃ የተቀቀለ እንቁላልም በየደጁ ይሸጣል፣ እሱን እለፊው። ሶባ የሚሉት ፓስታ መሳይ ምግብ ብትይ መረቁ ከዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ። ለመተማመኛ ቆሎ ያዢ፣ ለሁሉም የሚበቃ። ፈጣኑ ባቡር ላይ ቢበላ ማንም ምንም አይልም፣ ሰው እንደ ሰርዲን የሚጨናነቅበት የከተማ ባቡር ላይ ግን ከቦርሳሽ አታውጪው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከታካሳኪ በአጋትሱማ መስመር ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ናጋኖሃራ ኩሳትሱጉቺ ላይ ወርዳችሁ በአውቶቡስ 25 ደቂቃ ያህል። ባቡሩ እንደ ከተማው አይመላለስም፣ ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ጠዋት ላይ እዩ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ እትዬ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ደብዳቤውን የምታጽፍልኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ወንዱ ልጄ ቶኪዮ ይሠራል፣ ኑሪ ብሎኝ ሳይሆን ጠይቂኝ ብሎኝ ልሄድ ነው። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደም ግፊትም አለብኝ። እሱና ጓደኞቹ ያ ኩሳትሱ የሚባል ፍል ውሃ ሊወስዱኝ አስበዋል፣ ለጉልበት ፈውስ ነው ብለው። እኔ ግን አንገቴ ላይም ግንባሬ ላይም ንቅሳት አለኝ፣ የልጅነቴ ነው። ንቅሳት ያለው አይገባም የሚባለው እውነት ነው? ደግሞስ ጠበል ካልሆነ ምን ይረባኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ መንገዱን ያቅናልዎ። ከመጨረሻው ልጀምር።

ጠበል አይደለም። ግሽ ዓባይ ሲሄዱ በጾም በጸሎት ነው፣ ቦታው የአቡነ ዘርአ ብሩክ ነው፣ የሚሄዱትም በእምነት ነው። ኩሳትሱ መታጠቢያ ነው። እዚያም ከፍል ውሃው ሜዳ በላይ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፣ ግን ሰው ገንዳው ውስጥ ሲገባ የሚያስበው ስለ ወገቡና ስለ እራቱ ነው። ስለዚህ ጠበል ነው ብለው አይግቡበት፣ ኃጢአት ነው ብለውም አይሽሹት። ሙቅ ውሃ ነው፣ ደኅና ሙቅ ውሃ።

ጉልበትዎን ያሳርፈዋል። ሙቀቱ ጅማት ያላላል፣ ውሃው ክብደትዎን ስለሚሸከም ጉልበትዎ ይቀልለዋል። ኤርቪን ቤልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ጃፓን ገብቶ ቶኪዮ ያስተምር ነበር፣ የኩሳትሱን ውሃና የተራራ አየር ለዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው፣ ከተማዋ እስከ ዛሬ ታከብረዋለች። ፈውስ ግን አልልዎትም። ያረጀ ጉልበት በአንድ ቀን አይታደስም። የግፊት ኪኒንዎን ደግሞ አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። ጠበል ቦታ ኪኒን ጥለው የወደቁ ሰዎች አሉ፣ እርስዎም ያውቃሉ።

ግፊቱ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን «ሙቅ ገንዳ ልግባ ወይ» ብለው ይጠይቁ። ከፈቀደልዎ ለብ ያለውን ገንዳ ይምረጡ። ኩሳትሱ ውስጥ 44 ዲግሪ የሚያልፍ ገንዳ አለ፣ እሱ የወጣትም አይደለም። መልበሻ ክፍሉ በክረምት ይበርዳል፣ ከብርድ በቀጥታ ሙቅ ውስጥ መግባት ግፊቱን ያናጋል፣ ጃፓን ውስጥ በዚህ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይሞታሉ። መጀመሪያ እግርዎን፣ ቀጥሎ ትከሻዎን በባልዲ እያፈሰሱ ይልመዱት። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሲነሱ ቀስ ብለው፣ ጠርዙን ይዘው። ውሃ ይጠጡ። እንደበሉ ወዲያው አይግቡ።

ንቅሳቱ እውነት ነው። ብዙ መታጠቢያ ቤቶች በንቅሳት አያስገቡም። ምክንያቱ እርስዎን አይመለከትም፣ እዚያ አገር ሰውነቱን በሙሉ የሚነቀሰው ወሮበላ ነበር፣ እሱን ለመከልከል የወጣ ሕግ ሁሉንም ያዘ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከኒውዚላንድ የመጣች የማኦሪ ሴት እንደ እናቶቿ ፊቷን ተነቅሳ ነበርና ሰሜን ጃፓን ውስጥ ከፍል ውሃ በር ተመለሰች። ጉዳዩ በጋዜጣ ወጣ፣ ሰው ተከራከረበት። ከዚያ ወዲህ ላላ ያሉ አሉ፣ ያልላሉም አሉ። ግንባር ላይ ያለ ንቅሳት በፕላስተር አይሸፈንም፣ መሸፈንም የለበትም ባይ ነኝ፣ ግን የቤቱ ሕግ የቤቱ ነው። ልጅዎ ቀድሞ ይደውል። «እናቴ የልጅነት የባህል ንቅሳት አንገቷና ግንባሯ ላይ አላት» ብሎ በግልጽ ይንገራቸው። የሚፈቅድ ቤት ካላገኘ በሰዓት የሚከራዩ የቤተሰብ ገንዳዎች አሉ፣ በሩን ከውስጥ ዘግተው የሚገቡበት፣ እዚያ የሚያይዎ የለም።

አንድ ነገር ልጅዎ ያሰበበት አይመስለኝም። የሴቶቹ በኩል እሱ አይገባም። ውስጥ ማን ይይዝዎታል? ወለሉ እርጥብ ነው፣ ጉልበትዎ ደካማ ነው፣ ቋንቋውን አያውቁም። ከጓደኞቹ መካከል አንዲት ሴት አብራዎት እንድትገባ ካሁኑ ይለምናት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ቀድመው ይተዋወቋት፣ ቤት ቡና ጠጥታ ትሂድ። የሚከራየውን ገንዳ ከመረጡም እሷ ታስፈልጋለች።

ከቶኪዮ ደግሞ በአውቶቡስ 4 ሰዓት ያህል ነው። ለእርስዎ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሆንም። እዚያው እንዲያድሩ ያድርግ።

ጥያቄ፦ የዳንግላ ልጅ ነኝ፣ ጃፓን ነው ያለሁት። ጓደኞቼ ተራራ ላይ ፍል ውሃ ወሰዱኝ። መኪናው የአንደኛው ነበር። ጋብዘውኝ ነው ብዬ ነበር፣ ማታ ላይ ግን ቁጭ ብለው በስልክ አስልተው ድርሻህ ይኸው አሉኝ። የቤንዚኑን ሳይቀር። እውነት ለመናገር ተቀየምኩ። ድጋሚ ሲጠሩኝ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ሂድ። መጥራትና መጋበዝ እዚያ ሁለት ነገር ነው። እንሂድ ያለህ ሰው አብረኸኝ ሁን ነው ያለህ፣ እኔ እከፍላለሁ አላለህም። እኩል ማካፈላቸው ደግሞ የእኩያ ምልክት ነው። ባይቆጥሩህ ኖሮ ዝም ብለው ይከፍሉልህና ሁለተኛ አይጠሩህም ነበር። በዕድሜ ወይ በደረጃ ከፍ ያለ ሰው አብሮ ካለ እሱ ጨመር አድርጎ ይከፍላል፣ ያንን ተቀበል፣ አመስግን፣ በማግስቱም ድጋሚ አመስግን።

ዳንግላ ላይ እንደምናደርገው «እኔ ነኝ የምከፍል፣ በእመቤቴ!» እያልክ ሒሳቡን እንዳትነጥቅ። ይደነግጣሉ። ቤንዚኑና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ግን ውድ ነው፣ መኪናውን የነዳው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሳይተኛ የነዳ ነው፣ ሌሎቹ ከመጠየቃቸው በፊት አንተ «የመንገዱ ስንት ደረሰ?» ብትል ምን ነበረበት?

ስትመለስ ደግሞ ለላብራቶሪህ ወይ ለመሥሪያ ቤትህ ሰዎች አንዳንድ የተጠቀለለ ጣፋጭ ያለበት ካርቶን ያዝ። ለጉዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ጣቢያው ላይ ይሸጣል፣ ስንት ፍሬ እንዳለበት ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ የሰውህን ብዛት ቆጥረህ ግዛ።

ልጋብዝ የምትል ከሆነ ቤትህ ጥራቸው። ቡና አፍላ፣ እንጀራ ካገኘህ እሰየው። እዚያ ድርሻችንን እንክፈል ካሉህ ያኔ እንደ ዳንግላ ልጅ ተቆጣ።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነኝ፣ ጃፓን ከገባሁ ወዲህ የክፍሌ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር «አንድ ቀን ፍል ውሃ እንሄዳለን» ይሉኛል። አንድ ቀን የሚሉት ቀን አልመጣም። ከልባቸው ነው?

መልስ፦ ቀን ካልተቆረጠ ሰላምታ ነው። የእኛ «ቤት ብቅ በል እንጂ» ማለት ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ከልባቸው መሆኑን ለማወቅ አንተ ቀን ጥቀስ። ሁለት ቅዳሜ ምረጥ፣ «ከሁለቱ የቱ ይሻላችኋል?» ብለህ በግሩፑ ላይ ጻፍ። የሚመጣ ሰው በዚያው ቀን ይመልስልሃል። «ትንሽ ይከብደኛል» ብሎ የጻፈ ካለ አይመጣም ማለት ነው፣ ለምን ብለህ አትጠይቀው። ሁለት ሰው እንኳ ካገኘህ ይበቃል፣ ትኬቱን ቁረጡ።